ንብ የሚወደው ምን ልትከል? (ደብረ ብርሃን፣ ውርጭና ነፋስ ያለበት ጓሮ)

ጠባሴ_ጓሮ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ጠባሴ በኩል። መምህርት ነኝ። ስለ አትክልት የማውቀው እናቴ ጓሮ ውስጥ ያየሁትን ብቻ ነው።

ከቤቱ ጀርባ ስምንት በዘጠኝ ሜትር የምትሆን መሬት አለችኝ። ጎመን፣ ድንችና ካሮት እዘራባታለሁ። ጥጉ ላይ ደግሞ የፖም ዛፍ አለ። ከጨንቻ የመጣ ችግኝ ነው ተብሎ የተገዛ ነው፤ ዝርያው «አና» ይባላል። የካቲት መጨረሻ ላይ ሲያብብ ሰው ቆሞ ያየዋል። ፍሬው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጎረቤቴ «ንብ ስለማይመጣ ነው» አለችኝ። ልብ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው መሰለኝ። በረንዳው ፊት ለፊት በደረደርኳቸው ጽጌረዳዎችና ጌራኒየሞች ላይ እንኳ ንብ አላይም። ዝንብ ግን ሞልቷል።

እና ንብ የሚወደው ምን ዓይነት ተክል ነው? የኛን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጩ የድንቹን ቅጠል ሳይቀር ያጠቁረዋል። ነፋሱም ቀላል አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ ስለዚህ ጠዋት ማታ ጠጡ የሚሉ አበቦች ይቅሩብኝ።

ሌላው ነገር፣ ባለቤቴ «ንብ ጠርተሽ ልጆቹን ልታስነድፊ ነው ወይ?» እያለኝ ነው። ቀፎ የማስቀመጥ ሐሳብ የለኝም። ንቦቹ መጥተው ቀስመው እንዲሄዱ ብቻ ነው የምፈልገው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ ላቬንደር ትከዪ! እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ከቤቴ በር አጠገብ ያለው ላቬንደር ሲያብብ ድምፁ ብቻ ሞተር የተነሳ ነው የሚመስለው። በሶብላም አለኝ። ለበርበሬ ብዬ ነው የዘራሁት፤ አበባ ሲያወጣ ግን ንቦቹ ወረሱት። ጤና አዳሙን ደግሞ አባጨጓሬ ይበላብኛል። ቢራቢሮ የሚሆነው እሱ ነው ሲሉኝ ተውኩት፤ ለቡናዬ የሚሆን ካስቀረልኝ ይብቃኝ።

እዚህ «ለንብ» ተብሎ የተደባለቀ የአበባ ዘር በፓኬት ይሸጣል። ለገና ስመጣ ይዤልሽ ልምጣ?

ዳንግላ77፦

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ንብ ከፈለግሽ ኑግ ዝሪ። ኑግ ሲያብብ እኛ ዘንድ አገሩ በሙሉ ቢጫ ነው፣ የጥቅምትና የኅዳር ማር ከዚያ ነው የሚመጣው። ለናንተ ብርድ ኑግ ካልሆነ ባህር ዛፍ ነው። ሌላው ዝም ብሎ ማስጌጫ ነው። ባህር ዛፍ ያለበት አካባቢ ንብ አይጠፋም።

አባ_ሰፈፍ፦

እንደምን አለሽ የኔ ልጅ። እኔ ከሆለታ ወጣ ብሎ ነው የምኖረው። ዕድሜዬን በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ጨርሼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ቀፎዎቼን እጠብቃለሁ። ባህላዊውም አለኝ፣ የሽግግሩም አለኝ፣ ባለ ፍሬሙም አለኝ። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ያለበት ከተማ ስለሆነ እዚህ ስለ ንብ የማያወራ ሰው የለም። ብርዱም ከናንተ ብዙ አይሻልም፣ ውርጭ እናውቃለን።

በመጀመሪያ ፖምሽ። አንድ ዛፍ ብቻ ነው ያልሽው? እንደዚያ ከሆነ ንብ እንደ ጎርፍ ቢመጣም ብዙ አይጠቅምሽም። «አና» ብቻዋን በደንብ አታፈራም፣ ከሌላ ዝርያ የሚመጣ የአበባ ብናኝ ትፈልጋለች። አብሯት የሚተከለው «ዶርሴት ጎልደን» የሚባለው ነው። ሁለቱ ተቀራርበው ስለሚያብቡ ንቧ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ብናኙን ታደርሳለች። ችግኝ የሸጠልሽ ሰው ይህን ሊነግርሽ ይገባ ነበር። ቦታ ከሌለሽ ጎረቤትሽ ትትከል፤ ንብ አጥር አይዛትም። ለዘንድሮ ደግሞ ዶርሴት ካለው ሰው ያበበ ቅርንጫፍ ለምነሽ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከዛፍሽ ሥር አቁሚው። ቀልድ አይደለም፣ ይሠራል። ንብ ካለ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ንቡ። ሰው ሁሉ «ንብ የሚወደው አበባ የትኛው ነው» ብሎ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው በየትኛው ወር ነው ብዬ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ የኛ ደጋ በአበባ ይሰክራል። አደይ አበባው፣ ማገጡ፣ ባቄላው፣ ጎመን ዘሩ፣ ሜዳው ሁሉ ማዕድ ነው። በዚያ ወቅት አንቺ ስምንት በዘጠኝ ሜትር ላይ ያማረ ነገር ብትተክዪ ንቧ ዞር ብላም አታይሽ። ምን በወጣት! ዳንግላ ወንድሜ ኑግን ማመስገኑ ትክክል ነው፤ የማር አባት ነው። ግን ኑግ የሚያብበው ሁሉም ነገር በሚያብብበት ሰሞን ነው፣ ደግሞም ውርጭ አይችልም።

ንብ የሚቸገረው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ዝናቡ አያስወጣውም፣ ቢወጣም አበባው ታጥቧል። ያን ጊዜ እኛ ስኳር በውሃ በጥብጠን፣ በሶና ሽሮ ጨምረን ቀፎው አጠገብ እናስቀምጣለን። አትሳቂ፣ ንብ ሽሮ ይበላል። እንደ ብናኝ ነው የሚቆጥረው። በዚህ ወቅት አንቺ የምታደርጊው ነገር የለም፣ እለፊው።

ሁለተኛው ችግር ከጥር ጀምሮ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ሜዳው ግራጫ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ትንሽ ጓሮ ከትልቅ እርሻ የሚበልጠው፤ ገበሬው ማሳውን ውሃ አያጠጣም፣ አንቺ ግን የአትክልትና የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ አለሽ። የፖምሽ አበባም የሚወጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ ገንዘብሽንም ጉልበትሽንም በነዚህ ወራት ለሚያብብ ነገር አውይው።

ምን ይተከል ላልሽው፣ ከሁሉ በፊት ቤትሽ ውስጥ ያለውን ጎመን። አዎ ጎመን! ስድስት ሰባት እግር ሳትቀጥፊ ተዪ። ግንዱ ይረዝማል፣ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ንብ ይወርሰዋል። ብርድ ለጎመን ምኑም አይደለም። ዘሩንም ለሚቀጥለው ዓመት ትይዥለታለሽ። ሴቶቹ ጎመኑ «አረጀ» ብለው ሲነቅሉት ሳይ ያንገበግበኛል። ካሮቱም እንደዚሁ ነው። ጥቂቱን መሬት ውስጥ ብትተዪው ነጭ ጃንጥላ የመሰለ አበባ ያወጣል። ድንብላልም ከዚያው ወገን ነው፤ ቶሎ ያብባል፣ ወጥ ቤትም ይገባል። ግን ከባድ ውርጭ ይጎዳዋልና ጥር ላይ ዝሪው።

ከዚያ የጥብስ ቅጠል፣ ሮዝመሪ የሚሉት። ለናንተ አገር አንድ ተክል ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ውርጭ ይችላል፣ ነፋስ ይችላል፣ ውሃ አያስቸግርም፣ እንዲያውም ብዙ ውሃ ይጠላል። ትንንሽ ሰማያዊ አበባው ደግሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቅርንጫፉን ቆርጠሽ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ብትሰኪው ሥር ያወጣል፣ ችግኝ መግዛት አያስፈልግሽም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ላቬንደርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ካገኘሽ ጥሩ ነው፣ ካላገኘሽ አታልቅሺ።

ጦስኝ ደግሞ የናንተው ነው፣ የመንዝ ሰው ሻይ ውስጥ የሚከተው። መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ድንጋይ ላይ ይበቅላል፣ ትንሽ ወይን ጠጅ አበባ አለው። ከጋራው ላይ ግን አትንቀይው። ሰው በጆንያ እየነቀለ ነው የጨረሰው። ገበያ ላይ ከሥሩ ጋር የሚሸጥ ካለ ጥቂት ገዝተሽ ድንጋያማ ቦታ ላይ ትከዪ።

አጥርሽ ሥር ትሪ ሉሰርን። ይህ ቁጥቋጦ ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ነው፤ ደጋ ይስማማዋል፣ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ንብ በጣም ይወደዋል። ቅጠሉ ለበግ መኖ ነው። ደብረ ብርሃን እየኖራችሁ በግ ያለው ጎረቤት አይጠፋምና ስትገርዢው የሚወስድልሽ ታገኛለሽ። ሥሩም እንደ ባቄላ መሬቱን ያለማል። ሳይገረዝ ከቀረ ግን ዛፍ ሆኖ ፀሐይሽን ይዘጋል። በየዓመቱ መቀስ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ንብ አንድ ጊዜ ከቀፎዋ ስትወጣ የጀመረችውን የአበባ ዓይነት ነው የምትከተለው። ከጎመን ወደ ጦስኝ፣ ከጦስኝ ወደ ድንብላል አትዘልም። ስለዚህ ከየዓይነቱ አንዳንድ እየለቀምሽ የምትደረድሪው አይሠራም። አንዱን ዓይነት ሰብሰብ አድርገሽ፣ ቢያንስ ሜትር በሜትር ሞልተሽ ትከዪ። ከሩቅ ስታየው «ድካሜን ያክላል» እንድትል።

ጽጌረዳሽ ላይ ያልመጡበት ምክንያት ቀላል ነው። በረንዳ ላይ የሚተከለው ጽጌረዳ ቅጠሉ ድርብርብ ነው፤ ንቧ ገብታ ብናኙ ጋ አትደርስም። የዱር ቀጋን ተመልከቺ፣ አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ ነው ያለው፣ መሐሉ ክፍት ነው፣ ንብ ሲርመሰመስበት ታያለሽ። ቀለሙም አለ። ንብ ቀይ በደንብ አይታያትም። ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ቢጫና ነጭ ነው የሚስባት። ቡገንቪሊያም ቢሆን ለሰው ዓይን እንጂ ለንብ ምንም የለውም። አትንቀያቸው፣ ላንቺ ደስ ካሉሽ ይኑሩ።

የምትተክዪበት ቦታም ወሳኝ ነው። ንብ በብርድ አትበርም። ሙቀቱ ከአሥር ዲግሪ በላይ ወጣ እስኪል ቀፎዋ ውስጥ ተጠጋግታ ትቀመጣለች። ስለዚህ በናንተ አገር በበጋ ከጠዋቱ 3 እና 4 ሰዓት በፊት ብዙ አትጠብቂ። ነፋስም ይጥላታል። አበባሽ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት፣ በግድግዳ ወይም በአጥር በተከለለ ቦታ ይሁን። እኩሉን ነገር የሚወስነው ይኸው ነው።

ባለቤትሽን ንገሪው። ለቀሰማ የመጣች ንብ ካልረገጧት ወይም በእጅ ካልጨበጧት ሰው አትነድፍም፤ የምትጠብቀው ቤት የላትማ። የሚናደፈው ቀፎውን የሚጠብቅ ንብ ነው። የኛ አገር ንብ ደግሞ እዚያ ላይ ቀልድ አያውቅም፣ ቀፎ በጠባብ ግቢ ውስጥ አለማስቀመጥሽ ጥሩ ነው። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ያበበ ማገጥ ላይ እንዳይሮጡ ብቻ ተጠንቀቂ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ፣ ልብሽ ቀና ነው፣ ዘሩ ግን ይቅር። ከባህር ማዶ ዘር ያለ ፈቃድ በሻንጣ ማስገባት አይገባም፣ አብሮት ምን በሽታና ምን አረም እንደሚመጣ አይታወቅም። ቡና አፍልተሽ ጠብቂን።

ዳንግላ77፦

አባ ሰፈፍ፣ እጅ ይንሡ። ግን ባህር ዛፍን ዝም ብለው አለፉት። ከማር ጋር የሚኖር ሰው ባህር ዛፍን እንዴት ይዘልላል?

አባ_ሰፈፍ፦

አልዘለልኩም፣ እየሸሸሁ ነበር። እሺ፣ ባህር ዛፍ ትልቅ የማር ዛፍ ነው፤ የሆለታና የአዲስ አበባ ዙሪያ ንብ ያለ እሱ በጋውን አይዘልቅም። ግን ሰማንያ ካሬ በማይሞላ ጓሮ ላይ ባህር ዛፍ ትከል የሚል ሰው መሠረትና ጣራ አልሠራም ማለት ነው። ሥሩ ውሃውን ይመጥበታል፣ ከሥሩ ጎመን አይበቅልም፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቅርንጫፉ ቆርቆሮ ላይ ነው። ደግሞ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባህር ዛፍ ሞልቷል። ንቧ ምግብ ፍለጋ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሲቸግራትም ከዚያ በላይ ትሄዳለች። ባህር ዛፉን ከሌላው ሰው ታገኘዋለች፣ ከመምህርቷ ሌላ ነገር ትፈልግ።

በነገራችን ላይ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ስምንት በዘጠኝ ሜትር መሬት አንድ ቀፎ አይቀልብም። አበባ ስትተክዪ ንብ አታረቢም፣ በአካባቢው ያለው ንብ በደጅሽ እንዲያልፍ ነው የምታደርጊው። በቅርብ ያረጀ የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም ቀፎ ያለው ሰው ካለ ሥራሽ ቀለለ።

ጎተራ_ኮንዶ፦

ይቅርታ በጥያቄው መሐል ገባሁ። እኔ አዲስ አበባ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ምድር ቤት ያለችው ክፍት ቦታ ላይ ከጎረቤቶች ጋር ዱባ ተከልን። አበባው ጉድ ነው፣ ግን ትንሽ ዱባ ትታይና ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ይህም የንብ ጉዳይ ነው? በረንዳ ላይስ በባልዲ ምን ይሆናል? ፎቅ ላይ ንብ ይወጣል?

አባ_ሰፈፍ፦

ይወጣል፣ ሦስተኛ ፎቅ ለንብ ምኗም አይደለም። በባልዲ በሶብላ፣ ናና፣ የጥብስ ቅጠል ትከል። አዲስ አበባ ሞቅ ስለሚል በሶብላው ይሆንልሃል። አንድ ነገር ግን፣ ቆርጠህ ቆርጠህ አበባ አታሳጣው። ሰው በሶብላን አበባ ሳያወጣ ነው የሚቆርጠው፣ ከዚያ «ንብ አልመጣም» ይላል። አንዱን ባልዲ ለወጥ፣ አንዱን ለንብ ብለህ ለያቸው። ዳማከሴም ጥሩ ነው፣ ጉንፋን ሲይዝህም ደጅህ ላይ አለልህ። ትንሽ መሬት ካላችሁ ደግሞ ግራዋ ትከሉ፤ ከታኅሣሥ በኋላ አገሩ ሲደርቅ ነው ነጭ አበባውን የሚያወጣው። ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤት ካለች ለጋን ማጠቢያ ትመርቃችኋለች።

ዱባው የንብ ጉዳይ ነው። ዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ነው የሚያወጣው። ሴቷን ከሥሯ ባለች ትንሽ እንቡጥ ዱባ ታውቃታለህ። ወንዱ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ላይ ነው። አበባው ጠዋት ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ይዘጋል። ያን ጊዜ ንብ ካልደረሰች አለቀ፣ ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። እስከዚያው ራስህ ንብ ሁን። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወንዱን ቁረጥ፣ ዙሪያውን ያለውን ቢጫ ቅጠል ላጠው፣ መሐሉ ላይ ያለውን ብናኝ ለሴቷ መሐል ቀባ ቀባ አድርግላት። አንድ ወንድ ለሁለት ሦስት ሴት ይበቃል። ጎረቤት እንዳያይህ ተጠንቀቅ፣ አብዷል ይሉሃል።

ጠባሴ_ጓሮ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው አላጋጠመኝም። ለባለቤቴ ሙሉውን አነበብኩለት። «ቤት የላትማ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ፣ በሐሳቡም ተስማማ። ጎረቤቴም ዶርሴት ጎልደኑን እሷ ጓሮ ለመትከል እሺ ብላለች፣ ወጪውን እንካፈላለን።

ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። ጎመኑ ልክ ፖሙ ሲያብብ ካበበ ንቦቹ ወደ ጎመኑ ብቻ አይሄዱም? ሁለተኛ፣ ጎመኔ ላይ ግራጫ ቅማል የመሰለ ነገር ይሰፍራል፤ ሰፈር ውስጥ ሰዉ የሚረጨው ማላታይን ነው። እሱን ብጠቀም ንቦቹን ይጎዳል? ሦስተኛ፣ ትሪ ሉሰርኑን ከየት አገኛለሁ?

ዳንግላ77፦

መድኃኒቱን በተመለከተ እኔ ልመልስ፣ ልቤ የቆሰለበት ነገር ስለሆነ። እኛ ዘንድ ገበሬው ስንዴና ጤፍ ላይ ቱ ፎር ዲ ይረጫል። አረሙ ይሞታል፣ ጥሩ። ግን ያ አረም ነው ለንቡ አበባ የሚሆነው። ፀረ ተባዩ ደግሞ ንቡን ራሱን ይገድላል። አንድ ዓመት በበቆሎ ማሳችን አጠገብ ረጭተው፣ በማግስቱ የአባቴ ቀፎዎች በር ላይ የሞተ ንብ በመጥረጊያ ነው የጠረግነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ቀፎ ወደ አጎቴ ቤት አሻግሯል።

አባ_ሰፈፍ፦

ዳንግላ እውነቱን ነው፤ እዚህ ላይ ልዩነት የለንም። ማላታይን ለንብ መርዝ ነው። ያበበ ነገር ላይ ፈጽሞ አይረጭም፣ አበባው የሌላ ተክል ቢሆንም። ጎመን ላይ ላለው ቅማል ደግሞ መርዝ ምን ያደርጋል? ለምግብ የምትቀጥፊው ቅጠል ነው። ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውሃ በጥብጠሽ አመሻሽ ላይ ቅጠሉን ከሥር በኩል እጠቢው፣ በሦስት አራት ቀን ድገሚው። በጣም የወረረውን ቅጠል ቀንጥሰሽ ለዶሮ ስጪ። ጎረቤቶችሽ መርጨታቸው ካልቀረ ማታ፣ ንብ ከገባ በኋላ እንዲረጩ ለምኛቸው። ፖምሽ ባበበባቸው ሳምንታት ግን ጭራሽ እንዲተዉ።

የጎመኑ ጥያቄሽ የአስተማሪ ጥያቄ ነው፣ ወደድኩት። አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ንብ ወለላው የበዛበትንና የሚጣፍጠውን ትመርጣለች፤ የጎመን ወገን አበባ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ ፖሙን ሊቀማው ይችላል። ስለዚህ ጎመኑ ከፖሙ ቀድሞ እንዲያብብ አድርጊ። ለአበባ የምትተዪው ጎመን ጥር ላይ አበባ መጀመር አለበት፤ ንቦቹ ጓሮሽን ይለምዱታል። የካቲት መጨረሻ ላይ የፖሙ አበባ ሲፈነዳ የጎመኑን አበባ በአንድ ጠዋት ቁረጪውና ለበግ ስጪው። ለዘር አንድ ሁለት እግር ብቻ አስቀሪ። ንቦቹ መንገዱን አውቀው መጥተው ጎመኑን ሲያጡ ከጎኑ ያለውን ፖም ያያሉ። የጥብስ ቅጠሉ አበባ ይቆይ፣ እሱ ያን ያህል አይሻማም።

ውሃ ማስቀመጥሽንም አትርሺ፣ ቅድም ሳልነግርሽ ቀርቼ ነበር። በበጋ ንብ ውሃ ትፈልጋለች። ዝርግ ሣህን ውስጥ ጠጠርና ድንጋይ ሞልተሽ ውሃ አድርጊበት። ድንጋዩ ከውሃው በላይ ብቅ ይበል፣ አለበለዚያ ንቦቹ ይሰምጣሉ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን፤ ቦታውን ከለመዱ አይረሱም። ሳሙና የነካው ውሃ ግን አይሆንም፣ ማለቅለቂያውን ለተክሉ ነው ያልኩሽ።

ትሪ ሉሰርን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቂ፣ የችግኝ ጣቢያቸው የት እንደሆነ ያሳዩሻል። ከተማሽ ውስጥ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ፣ በግና መኖ ላይ ነው የሚሠሩት፣ እዚያም ብትጠይቂ አይከፋም። ዘር ካገኘሽ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ ከመዝራትሽ በፊት የፈላ ውሃ አፍስሺበትና እስኪቀዘቅዝ ተዪው፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ይደር። ችግኙን ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ትከዪ። በጥቅምቱ ውርጭ ጊዜ ገና ልጅ ስለሚሆን ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ማታ ማታ በገለባ ወይም በጆንያ ሸፍኚው። ዶርሴቱንም በዚያው ክረምት ትከሉት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ዘሩን ትቼዋለሁ ጋሼ፣ ተቆጥተውኝ የለ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጎመን እኔም ጓሮ ውስጥ አለኝ። ሚያዝያ ላይ አበባ ሲያወጣ ሁልጊዜ እነቅለው ነበር። እዚህም ንብ ይመጣበታል?

አባ_ሰፈፍ፦

የሜሪላንድ ንብ የሌላ ዘር ይሁን እንጂ ጎመን ጎመን ነው። ተዪው ያብብ። ሣርሽንም ነጭ ማገጥ ካለበት በየሳምንቱ አትጨጂ፤ የናንተ አገር ንብ እሱን በጣም ይወዳል ይባላል። ጎረቤቶችሽ «ሣሩን እጨጂ» ካሉሽ ደግሞ ማር አሳዪያቸው።

ጎተራ_ኮንዶ፦

አባ ሰፈፍ፣ ዛሬ ጠዋት ዱባውን ቀባሁት። የምድር ቤቷ እናት መስኮት ላይ ሆነው አዩኝ። ምን እየሠራህ ነው ሲሉኝ «እያጋባሁ ነው» አልኳቸው። ነገ እሳቸውም እንዲያግዙኝ ተስማምተናል።

ጠባሴ_ጓሮ፦

ሃሃ! ጋሼ፣ የጥብስ ቅጠሉን ከእህቴ ቤት ቆርጬ አሸዋ ውስጥ ሰክቼዋለሁ። ሥር ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ጥላ ላይ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ ላስቀምጠው?

አባ_ሰፈፍ፦

ጥላ ላይ፣ ግን ብርሃን ያለበት። አሸዋው እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። ከወር እስከ ሁለት ወር ነው፣ በብርድ ይዘገያል። ነቅለሽ አትይው። ከላይ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ሥሩም ወጥቷል ማለት ነው።